ለዓመታት የቆመን ቮልስ ዳግመኛ ማስነሣት፦ ቁልፉ ከመዞሩ በፊት

ለዓመታት ከአንድ ሥፍራ ሳይንቀሳቀስ የኖረ አሮጌ መኪና ከሁሉ የከፋውን ጉዳት የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ሊያስነሡት በሞከሩበት ዕለት ነው። ከጎረቤት መኪና ባትሪ ገመድ ይዘረጋል፤ ቁልፉ ይዞራል፤ ሞተሩ እንቢ ሲል የሰፈሩ ወጣቶች ተጠርተው መኪናው ቁልቁል ይገፋል። በዝገት ተይዞ የነበረው ፒስተን በመኪናው ክብደት ሲጎተት ቀለበቶቹ ይሰበራሉ፣ የሲሊንደሩ ግድግዳም ይቧጠጣል። ሞተሩ ዕድል ቀንቶት ቢነሣ እንኳ ፍሬኑ እንደማይሠራ የሚታወቀው መኪናው ፍጥነት ካገኘ በኋላ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ረጅም ጊዜ በቆመ መኪና ውስጥ ምን ዓይነት ለውጥ እንደሚካሄድና ሥራው በምን ቅደም ተከተል ቢሠራ መኪናውም ሰውም በደኅና እንደሚወጡ ነው። ለምሳሌነት የመረጥነው ቮልስዋገን ቢትልን፣ አዲስ አበባ «ቮልስ» እያለች የምትጠራውን መኪና ነው። የመጨረሻው ቢትል እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 ሜክሲኮ ውስጥ ፑየብላ ከሚገኘው ፋብሪካ እስኪወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። በአገራችን መኪና ለማስገባት የሚጠየቀው ቀረጥ ከባድ ስለሆነ የቆየ መኪና በቀላሉ አይጣልም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ በየግቢው ሸራ ለብሰው የተቀመጡት አሮጌ መኪናዎች ይበልጥ ተፈላጊ ሆነዋል። ከእነዚህ መኪናዎች ብዙዎቹ የአባት ወይም የአያት ንብረት ናቸው። ልጆቹ ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ ወይም ከዐረብ አገር ለሁለት ሳምንት ዕረፍት ሲመጡ «የአባባን መኪና እናስነሣት» ማለታቸው አይቀርም። ምኞቱ መልካም ነው፤ ሁለት ሳምንት ግን ለዚህ ሥራ ጠባብ ጊዜ ነው። የአውሮፕላን ትኬት የሚያስቸኩለው ሰው ሥራውን ለማያስቸኩለው ሰው ቢተወው ይሻላል።

በቆመ መኪና ውስጥ ሁሉ ነገር ጸጥ ያለ ይመስላል። ይሁን እንጂ ቤንዚኑ ከኦክስጅን ጋር ይዋሐዳል፣ የፍሬን ዘይቱ ከአየር ውኃ ይጠጣል፣ ብረቱ ይዝጋል፣ ላስቲኩ ይደርቃል። እነዚህ ለውጦች ቁልፍ ስለዞረ አይታረሙም፤ አንዳንዶቹም ቁልፉ በዞረበት ቅጽበት ወደ ስብራት ይለወጣሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ሥራ ማየትና ማሽተት ብቻ ነው።

የቮልስ ሞተር ያለው ከኋላ ነው። አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው በግራና በቀኝ ተጋድመዋል። ሞተሩ ራዲያተርም ውኃም የለውም፤ የሚቀዘቅዘው ከላዩ በተገጠመው የቆርቆሮ ሽፋን ውስጥ የሚሽከረከረው ማራገቢያ በሚገፋው አየር ነው። ይህ ሽፋን ለአይጥ ከመኪናው ሁሉ የተመቸ ቤት ነው፤ ሙቀት የሚይዝ፣ ጨለማና ከዝናብ የተጠበቀ። ሣር፣ ጨርቅና የተቦጫጨቀ ወረቀት አየሩ የሚያልፍበትን መንገድ ከደፈነው ሞተሩ ተነሥቶ በደንብ እየሠራ ሳለ ከውስጥ ይቃጠላል። ሙቀቱን የሚያሳይ መለኪያ ስለሌለ ነጂው የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። በተለይ በድሮዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው ከሦስተኛው ሲሊንደር አየር ላይ ስለሚሻማ ያ ሲሊንደር በወትሮውም ከሌሎቹ ይበልጥ ይሞቃል። ሽፋኑን አስወልቆ ማጽዳት የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ከዚህ የሚቀድም ብዙ ነገር የለም።

ቀጥሎ ባትሪው ይታይ። በቮልስ ውስጥ ባትሪው የሚቀመጠው ከኋላ መቀመጫ ሥር ነው። ባዶ ሆኖ ለዓመታት የቆየ ባትሪ ሰሌዳዎቹ ላይ የእርሳስ ሰልፌት ጠንካራ ክሪስታል ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ቻርጅ ቢያደርጉትም መያዝ አይችልም። ጤነኛ የ12 ቮልት ባትሪ ሞልቶ ሲያርፍ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ከዓመታት በኋላ 10 ቮልት የሚያሳየውን አሮጌ ባትሪ ለማዳን ከመድከም አዲስ መግዛት ይሻላል። ከመግዛት በፊት ግን አንድ ነገር ይረጋገጥ፤ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ በፊት የተሠሩት አብዛኞቹ ቮልሶች የ6 ቮልት ናቸው። አዲሱ ባትሪ ከአሮጌው ቁመቱ ከበለጠ የመቀመጫው ሽቦ ምሶሶዎቹን ሊነካ ይችላል፤ ሰው ሲቀመጥበት ብልጭታ፣ ከብልጭታው እሳት ይመጣል። የባትሪው ላይ ሽፋን ከጠፋ ይተካ። ባትሪው ያረፈበትንም ወለል በመፍቻ ጫፍ መታ መታ አድርጎ ማየት ነው፤ የፈሰሰው አሲድ ብረቱን በልቶት ከሆነ ድምፁ ይለያል።

አሁን ወደ ሞተሩ እንግባ። መኪናው ሲቆም ፒስተኖቹና ቫልቮቹ ባሉበት ይቆማሉ። አራት ሲሊንደር ባለው ሞተር ውስጥ በየትኛውም አቋቋም ቢያንስ አንድ ቫልቭ ክፍት ይሆናል፤ በዚያ በኩል የክረምቱ እርጥብ አየር ይገባል። ግድግዳውን ይሸፍን የነበረው የዘይት ሥሥ ልባስ ከጊዜ ብዛት ወርዶ ስላለቀ የሲሊንደሩ ብረት ይዝጋል፤ ቀለበቶቹም ከግድግዳው ጋር ይያያዛሉ። ዝገቱ ከፀጉር የቀጠነ ሊሆን ይችላል፤ ሞተሪኖው በጉልበት ሲያዞረው ግን እንደ አሸዋ ወረቀት ይፍቃል።

መድኃኒቱ ትዕግሥትና ዘይት ነው። አራቱም ካንዴላዎች ይፈቱ፤ የትኛው ከየትኛው ሲሊንደር እንደወጣ ይጻፍ። በየቀዳዳው ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል ቀጭን ዘይት ይጨመርና ይተው። ሲሊንደሮቹ የተጋደሙ ስለሆነ ዘይቱ በፒስተኑ ራስ ላይ እኩል አይተኛም፤ በታችኛው ግድግዳ በኩል ያቁራል። ስለዚህ አንድ ቀን አይበቃም፤ ሁለት ሦስት ቀን ቢያድር መልካም ነው። ከዚያ ካምቢዮው ገለልተኛ መሆኑ ተረጋግጦ በማራገቢያው ቺንጋ ላይ ያለው መዘውር በቁልፍ ተይዞ ወደ ሰዓት አቅጣጫ በእጅ ይዞር። ከኋላ ቆሞ ለሚያየው ሰው የቮልስ ሞተር የሚዞረው ወደዚያ ነው። ሞተሩ ጥቂት ዞሮ ከቆመ ወደኋላ ትንሽ ይመለስ፣ ዘይት ይጨመር፣ እንደገና ይሞከር። ጨርሶ እንቢ ካለ ሌላ ሁለት ቀን ይጠብቅ። ረጅም ቧንቧ በቁልፉ ላይ ሰክቶ በጉልበት ማዞርም ሆነ ማርሽ አስገብቶ ማስገፋት ሊድን የሚችለውን ሞተር መግደል ነው። በሳምንት ውስጥ ያልተላቀቀ ሞተር ወደ ሠለጠነ መካኒክ እጅ ሄዶ መፈታት አለበት።

በእጅ ሙሉ ዙር ሁለት ጊዜ ያለ እንቅፋት ከዞረ ትልቁ ሥጋት አልፏል። አሮጌው ዘይት ይፍሰስ። ቮልስ እንደዛሬዎቹ መኪናዎች የዘይት ፊልትሮ የለውም፤ ያለው ከሞተሩ ሥር በስድስት ትናንሽ ዳዶዎች በተያዘች ክብ ክዳን ላይ የተቀመጠ ወንፊት ነው። ወንፊቱ ወጥቶ ይታጠብ፣ ወረቀቱ ይቀየር፤ 2.5 ሊትር አዲስ ዘይትም ይሞላ። ዳዶዎቹ በጣም አይጥበቁ፤ የሞተሩ ቤት ከማግኒዚየም ቅይጥ የተሠራ ስለሆነ ጥርሱ በቀላሉ ይበላል። ይህን ማግኒዚየም በኋላ በሌላ ጉዳይ እናነሣዋለን። ይህ ሁሉ ሲሠራ የቫልቮቹ ክፍተት ይለካ፤ በአብዛኞቹ የኋለኛ ሞተሮች 0.15 ሚሊሜትር ነው፤ የሚለካውም ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ ሳለ ብቻ ነው።

ቤንዚኑን በተመለከተ ምክራችን አጭር ነው፤ አሮጌው ሁሉ ይውጣ። ቤንዚን የብዙ ፈሳሾች ድብልቅ ነው። ቶሎ የሚተኑት፣ ሞተሩን በብርድ ለማስነሣት የሚያስፈልጉት ክፍሎች አስቀድመው ይጠፋሉ። የቀረው ከኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ወደ ሙጫ ይለወጣል፤ ሽታውም የቤንዚን መሆኑ ቀርቶ የአሮጌ ቀለም ይሆናል። ቤንዚኑ ኢታኖል ካለበት፣ በአሜሪካ እንደሚሸጠው አብዛኛው ቤንዚን ማለት ነው፣ አልኮሉ ከአየር ውኃ ይስብና ውኃው ከታች ተለይቶ ይቀመጣል፤ የታንኩ ብረት ከዚያ ይዝጋል። የካርቡሬተሩ ቀዳዳዎች ከስፌት መርፌ ዓይን የጠበቡ ስለሆኑ ጥቂት ሙጫ ይደፍናቸዋል። ካርቡሬተሩ ወርዶ ይፈታ፣ በማጽጃ ፈሳሽና በአየር ግፊት ይጽዳ። ቀዳዳውን በሽቦ መጎርጎር በጋራዥ የተለመደ ቢሆንም መጠኑን ያሰፋዋል፤ መኪናውም ከዚያ ወዲያ ቤንዚን ይበላል።

የቮልስ የነዳጅ ታንክ ከፊት፣ ሻንጣ ከሚቀመጥበት ሥፍራ ነው፤ ሞተሩ ግን ከኋላ ነው። ቤንዚኑ መኪናውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በቀጭን ቧንቧ አቋርጦ፣ በመጨረሻም በላስቲክ ቱቦዎች ወደ ፓምፑና ወደ ካርቡሬተሩ ይገባል። የብዙ ቮልሶች ዕድሜ ያለቀው በእነዚህ ቱቦዎች ምክንያት ነው። በጨርቅ የተሸፈነው ላስቲክ ከላይ ጤነኛ መስሎ ከውስጥ ይሰነጠቃል፤ የሚንጠባጠበው ቤንዚን ደግሞ የሚያርፈው በሞቀ ሞተርና በእሳት ብልጭታ ላይ ነው። ቱቦዎቹ ደኅና ቢመስሉም ሁሉም ይቀየሩ፤ ዋጋቸው ከአንድ ካንዴላ አይርቅም። የማግኒዚየሙ ነገር የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። የሞተሩ ቤት አንዴ ከተቀጣጠለ ውኃ ቢደፉበት እሳቱ ይብሳል፤ የጋለ ማግኒዚየም ከውኃ ጋር ሲገናኝ ሃይድሮጅን ያወጣልና። ሞተሩ በሚነሣበት ቀን የዱቄት እሳት ማጥፊያ በእጅ ርቀት ይቀመጥ። አንድ ባልዲ ውኃ አስቀምጦ ተዘጋጀሁ ማለት አይቻልም።

ለዘመድ ዕቃ የሚልኩ አንባቢያን አንድ ነገር ልብ ይበሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ከአውሮፓ ወይም ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ አዲስ ካርቡሬተር የተለካው ለወፍራም አየር ነው። እዚህ ሲገጠም ከአየሩ ጋር የማይመጣጠን ቤንዚን ይሰጣል፤ ካንዴላዎቹ ጥላሸት ይለብሳሉ፣ መኪናውም አቀበት ላይ ይደክማል። አነስ ያለ መርጫ አብሮ መላክ ወይም የነባሩን መርጫ አጽድቶ ወደ አዲሱ ማዛወር ችግሩን ይፈታዋል።

እሳት በሚሰጠው በኩል ያለው ሥራ ቀላል ነው። በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ የሚገናኙትና የሚለያዩት ሁለቱ ነጥቦች በቆይታ ኦክሳይድ ስለሚለብሱ ኤሌክትሪክ አያሳልፉም፤ በደቃቅ ወረቀት ይወልወሉና ክፍተታቸው 0.4 ሚሊሜትር ይደረግ። በተረፈ አዲስ ካንዴላ፣ ያልተሰነጠቀ ክዳን፣ ያልተላጠ ገመድ ካለ ይበቃል።

አሁን አንባቢው ቁልፉን ለማዞር ቸኩሎ ይሆናል። እኛ ግን እዚህ ላይ ቆም ብሎ ወደ ፍሬኑ መሄድን እንመርጣለን። ሞተር የሌለው መኪና ግቢ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሞተሩ የሚሠራ ፍሬን የሌለው መኪና ግን ሰው ይገድላል። ሞተሩ የተነሣ ዕለት ደግሞ ደስታው ሰውን ወደ መንገድ ይገፋል፤ «እስከ ማደያው ድረስ ብቻ» ይባላል።

የፍሬን ዘይት ስሙ ዘይት ይሁን እንጂ አብዛኛው ከግላይኮል የሚሠራ ፈሳሽ ነው፤ ውኃንም ይወዳል። በላስቲክ ቱቦዎቹ ግድግዳና በማጠራቀሚያው ክዳን በኩል ከአየሩ እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው ፈሳሽ አዲስ ሳለ የሚፈላው ከ230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው፤ ውኃ ከጠጣ በኋላ ግን መለኪያው የሚጠይቀው 155 ዲግሪን ብቻ ነው። ከእንጦጦ ሲወርዱ ፍሬኑ እየጋለ ሲሄድ ፈሳሹ ከፈላ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል። እንፋሎት እንደ ፈሳሽ ግፊት አያስተላልፍም፤ ይታመቃል እንጂ። ፔዳሉ እስከ ወለል ይወርዳል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ያው ውኃ በዋናው የፍሬን ፓምፕና በየጎማው ባሉት ትናንሽ ሲሊንደሮች ውስጥ ብረቱን ያዝጋል። መኪናው ቆሞ ሳለ ላስቲኩ ዝገቱ ላይ ተቀምጧል፤ ፔዳሉ ሲረገጥ በዚያ ሻካራ ላይ ሲንሸራተት ይቀደዳል። በመጀመሪያው ቀን የሠራ ፍሬን በሦስተኛው ቀን የሚከዳው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ ላይ የድሮ ቮልስ ሌላ አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ የተሠሩት አብዛኞቹ የፍሬን መስመራቸው አንድ ብቻ ነው፤ ከአራቱ ጎማዎች ባንዱ ቱቦ ቢፈነዳ አራቱም ፍሬን ያጣሉ። የሚቀረው በሽቦ የኋላ ጎማዎችን የሚይዘው የእጅ ፍሬን ብቻ ነው፤ እሱም ለዓመታት ተስቦ ከቆየ ተጣብቆ ይገኛል። ስለዚህ አራቱም ከበሮዎች ይከፈቱ፤ ሲሊንደሮቹና የላስቲክ ቱቦዎቹ ይቀየሩ፤ ዋናው ፓምፕ ከዛገ ይተካ። ከዚያ አዲስ ፈሳሽ ተሞልቶ አየሩ ይውጣ። መሪው በግራ በሆነ መኪና ሥራው የሚጀምረው ከዋናው ፓምፕ ከሁሉ ከሚርቀው ከቀኙ የኋላ ጎማ ነው፤ ቀጥሎ ግራው ኋላ፣ ቀኙ ፊት፣ በመጨረሻ ግራው ፊት። አንዱ ፔዳል ይረግጣል፣ ሌላው ቧንቧውን ከፍቶ ይዘጋል፤ ሁለቱ ካልተነጋገሩ አየር መልሶ ይገባል። የፍሬን ፈሳሽ ጠፍቶ የሞተር ዘይት የሚጨምሩ ሰዎች አሉ። ይህ በምንም ዓይነት መደረግ የለበትም፤ ማዕድናዊ ዘይት የፍሬኑን ላስቲክ ሁሉ አሳብጦ ያበላሸዋል።

ጎማውም የፍሬኑ አካል ነው። በጎኑ ላይ ካለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዞች ይታያሉ፤ 3511 ቢል ጎማው የተሠራው እ.ኤ.አ. በ2011 በ35ኛው ሳምንት ነው። ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ፀሐይና ኦዞን ላስቲኩን ያደርቁታል፤ በተለይ መሬት ነክቶ የቆመው ጎኑ ተጨፍልቆ ይቀራል። ከ10 ዓመት ያለፈው ጎማ መኪናውን ከግቢ ወደ ጋራዥ ለማሻገር እንጂ ለመንገድ አይሆንም። የትኛውም ጎሚስታ ቀዳዳውን ሊደፍነው ይችላል፤ ዕድሜውን ግን አይመልሰውም።

ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ መኪናው ወደ ገላጣ ሥፍራ ይውጣ። በተዘጋ ጋራዥ ወይም በዝቅተኛ ቆርቆሮ ሥር ሞተር አይነሣም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ካንዴላዎቹ እንደወጡ ሆነው፣ የኮይሉም ሽቦ ተነቅሎ፣ በሞተሪኖው ለአጭር አጭር ጊዜ ይዞር። ዓላማው እሳት ማግኘት ሳይሆን ዘይቱን በየኩሽኔታው ማዳረስ ነው፤ የዘይቱ መብራት ሲጠፋ ግፊቱ ደርሷል ማለት ነው። መብራቱ ካልጠፋ ወደ ቀጣዩ ሥራ አይታለፍ። ሲጠፋ ካንዴላዎቹ ይመለሱ፣ ሽቦው ይሰካ፣ ታንኩም ጥቂት ሊትር አዲስ ቤንዚን ይቀበል። አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ ቱቦዎቹን ይመልከት፣ ሌላው ቁልፉን ያዙር።

ሞተሩ ሲነሣ ሰማያዊ ጢስ ቢወጣ አያስደንግጥ፤ በሲሊንደሮቹ ያደረው ዘይት እየነደደ ነው፤ በደቂቃዎች ውስጥ መሣሣት አለበት። የዘይት ወይም የቻርጅ መብራት ከበራ ግን ወዲያው ይጥፋ። የቻርጁ መብራት በቮልስ ላይ ድርብ ትርጉም አለው፤ ዲናሞውንና ማራገቢያውን የሚያዞረው ቺንጋ አንድ ስለሆነ፣ ቺንጋው ከተበጠሰ ቻርጅም ማቀዝቀዣ አየርም አብረው ይቆማሉ። በሌላ መኪና እስከ ቤት ሊያደርስ የሚችል መብራት እዚህ ሞተሩን በጥቂት ኪሎሜትር ያቃጥለዋል።

የማሞቂያውም አሠራር የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። ቮልስ ለተሳፋሪው የሚልከው ሙቀት ከጭስ ማውጫው ዙሪያ የሚያልፍ አየር ነው። የጭስ ማውጫው በቆይታ ዝጎ ከተበሳ መርዙ ከሙቀቱ ጋር ወደ ውስጥ ይገባል። ቱቦዎቹ ከሥር በመካኒክ እስኪፈተሹ ድረስ ማሞቂያው ይዘጋ፣ መስኮቱም ይከፈት፤ በተለይ ልጆች ከኋላ ከተቀመጡ። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ መስኮት ከፍቶ መንዳት ባያስደስትም፣ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ እስኪመጣ መጠበቅ አይገባም።

የመጀመሪያው ጉዞ በግቢ ውስጥ ይሁን፤ በእግር ጉዞ ፍጥነት ወደፊትና ወደኋላ፣ በየጥቂቱ ፍሬን እየረገጡ። ፍሪሲዮኑ ተጣብቆ ማርሽ አልገባ ካለ የሚታወቀው በዚህ ጊዜ ነው። መኪናው አንድ ሌሊት አድሮ ማለዳ የአራቱ ጎማዎች የውስጥ ጎን ይታይ፤ የእርጥበት ምልክት ካለ ፍሬኑ ያፈሳልና ወደ ሥራው ይመለስ። ደረቅ ከሆነ ወደ መንገድ መውጣት ይቻላል፤ በመጀመሪያ በሜዳማ ሠፈር፣ በቀን፣ ሌላ መኪና ከኋላ ተከትሎ።

ከ100 ወይም ከ150 ኪሎሜትር በኋላ አዲሱ ዘይት እንደገና ይፍሰስ፤ ብክነት ቢመስልም በቆይታ የተጠራቀመውን ቆሻሻ የሚያጥበው ይኸው የመጀመሪያው ዘይት ነው። ወንፊቱ ሲወጣ ፀሐይ ላይ ተይዞ ይታይ። ጥቁር ዝቃጭ ቢገኝበት የተለመደ ነው። የዝገት ብናኝ ካለበት ዘይቱ ከሌላ 150 ኪሎሜትር በኋላ በድጋሚ ይቀየር። የሚያብረቀርቅ ነጭ ወይም የነሐስ መልክ ያለው ቅራፊ ከተገኘ ግን ኩሽኔታዎቹ እየተበሉ ስለሆነ ሞተሩ ሳይሰበር ወርዶ መፈታት አለበት፤ ያንን ቅራፊ በወረቀት ጠቅልሎ ለመካኒኩ ማሳየት ከብዙ ገለጻ የተሻለ ይረዳዋል።